መርዶ ያልተነገረው ወራሽ

በደብረ ታቦር ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ሁለት እኅትማማቾች ያሠሩት ቤት አለ። ማሬ ባሕር ተሻግራ በሰው ቤት እየሠራች ገንዘብ ላከች፤ ታናሿ ሸዋነሽ ድንጋይና አሸዋ እያስመጣች ግንበኞቹን ተቆጣጠረች። እናታቸው ዘነበች ካረፈች ቆይቷል። አባታቸው አቶ ባምላኩ ግን ልጆቹ ገና ሳይጠነክሩ ሌላ ትዳር ይዘው ይፋግ ከወረዱ ወዲህ ስማቸው እንኳ በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። ካርታው ሲወጣ የሁለቱም እኅትማማቾች ስም ገባ። ማሬ ያገለገለቻቸው እንግሊዛዊት መበለት፣ "በእኛ አገር ባልና ሚስት ቤት በጋራ ከያዙ አንዱ ሲሞት ሁሉም ለቀሪው ነው" ብለዋት ነበር። "እኛም እንደዚያው ነን፤ ኑዛዜ ምን ያደርጋል?" እያለች ማሬ ትስቅ ነበር። ወይ አለማወቅ! የሰው አገር ሕግ ከሻንጣ ጋር ባሕር የሚሻገር መስሏት…

ማሬ ታማ ተመለሰች። ባሠራችው ቤት አንድ ክረምት እንኳ ሳትከርም አረፈች።

ሸዋነሽ ቤቱን በስሟ ለማዞር ፍርድ ቤት ስትቀርብ ዳኛዋ ቀስ ብለው አስረዷት። "በእኛ ሕግ የሟች ድርሻ ለወራሾቿ ነው እንጂ አብሯት ለያዘ አይደለም። ልጅ ስለሌላት ለእናትና ለአባቷ ይደርሳል። የእናትሽ ላንቺ ያልፋል፤ አባትሽ ግን በሕይወት አሉ። ይጠሩ።"

ጥሏቸው የሄደው አባት! ቤቱ ሊሸጥ ነው? የማሬ አልጋ ያለበት ክፍል ለማያውቋት ሰዎች ሊሆን ነው?

በቀጠሮው ቀን አቶ ባምላኩ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

"ሃያ ዓመት የጠፋዎት መንገድ ለድርሻ ሲሆን ተገኘልዎት?" አለቻቸው ሸዋነሽ በችሎቱ ደጃፍ።

አልፈዋት ገቡ። ዳኛዋ "የልጅዎን ውርስ ይቀበላሉ?" ብለው ጠየቋቸው።

"እመቤቴ፣ የልጄን ሞት የሰማሁት ከመጥሪያው ነው። ያመጣው ሰው ገበያ መሃል አነበበልኝ። ዘመድ ከቤቴ አልመጣ፣ ጎረቤት አልደገፈኝ… መርዶ ያልተነገረው አባት ምን ይወርሳል?"

ሸዋነሽ ቀና ማለት አቃታት። ለጠላት እንኳ የማይነፈገውን መርዶ አባቷን ነፍጋቸዋለች! ዘመድ የረሳውን ሰው ሕግ ፈልጎ አገኘው…

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቶቿን አስከትላ አባቷ ያደሩበትን ቤት አንኳኳች።

"ማነው በማለዳ?"

"እኔ ነኝ አባዬ። ማሬ… ማሬ አርፋለች።"

የሚያውቁትን ሞት እንደ አዲስ ሰሙት። "ልጄን!" ብለው ሲወድቁ ጎረቤቶች ደገፏቸው፤ ሸዋነሽም እግራቸው ሥር ተደፋች። ለቅሷቸው ሲበርድ እሷው ራሷ ስለ ቤቱ አነሣችላቸው።

"ድርሻዬ በሩ ይሁንልኝ" አሏት። "አትዝጊብኝ።"

የፈጣሪ ሥራ እንዴት ግሩም ነው! ማሬ ለእኅቷ ቤት የተወችላት መስሏት ነበር፤ አባት ትታላት ሄደች።