ጥርስ ያረፈባቸው የባትሪ ድንጋዮች

ሰምሃር ከአትክልት ተራ ሎሚ ገዝታ ስትመለስ አባቷ አቶ ሐድጉ ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር። አጠገባቸው አንድ አሮጌ የካሜራ ፍላሽ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ እንደጎረሰ ወድቋል። ፒያሳ ላይ አርባ ዓመት ካሜራ ሲጠግኑ የኖሩትን ሰው መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ገደለቻቸው ተባለ። ሰምሃር ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ለቅሶ እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። ሎሚዎቹ እንዳይንከባለሉ አንድ በአንድ አስተካከለቻቸው።

ኢንስፔክተር አይናዲስ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ከመናገር ማየት የሚቀናት ሴት ናት። ገብታ መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን የወንድም ልጅ ፍትዊን ነበር። ፍትዊ ባንኮኒው ላይ ሆኖ ዕቃ ይቀበላል፣ ዕቃ ይመልሳል።

«ሦስት ሰዓት ላይ ስገባ ወድቀው አገኘኋቸው» አለ። «የፍላሹ ቀይ መብራት በርቶ ነበር። ፍላሽ ሲነካ ይነዝራል፣ ሁሉም ያውቃል። ሲነዝራቸው ወደ ኋላ ወድቀው ከኋላቸው ያለው የብረት ሣጥን ጠርዝ ማጅራታቸውን መታቸው። ትናንት ያጸዳችው ሰምሃር ናት። ድንጋዩን ሳታወጣ ረስታ ነው። አልፈርድባትም፤ ሰው ነች፣ ትረሳለች።»

የዚያ ቤት ሕግ አንድ ነበር፤ የተከፈተ ዕቃ ድንጋይ በሆዱ ይዞ አያድርም። ሰምሃር ይህን የተማረችው ፊደል ሳትቆጥር ነው።

«አውጥተሽዋል?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«አላውቅም። ዝገቱን በሎሚ ስፈገፍግ ትዝ ይለኛል። ድንጋዩን ሳወጣ ግን ትዝ አይለኝም። በየቀኑ የማደርገው ነገር ነው። ረስቼው ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

የሰው ወሬ የምታወራ ያህል ነው የተናገረችው። አይናዲስ ለረጅም ጊዜ አየቻትና ወደ በሩ ዞረች።

በሩ ላይ የፍላሹ ባለቤት እሸቴ ቆሟል፤ አራት ኪሎ የጉርድ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነው። «ድንጋይ ውስጡ አፍስሶበት ስንት ዓመት ሞቶ የኖረ ፍላሽ ነው» አለ። «እኔ ዛሬ የመጣሁት ለእሱ አይደለም፤ ለአባቴ ካሜራ ነው። ጋሽ ሐድጉ መደርደሪያው ላይ አለ ብለውኝ ነበር።» መደርደሪያው ላይ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት አለ። ካሜራው የለም።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ፈቲያ ደግሞ ስለ ሬዲዮ ነገረቻቸው። «ጠዋት ጠዋት የሳቸውን ሬዲዮ እየሰማሁ ነው የምሰፋው። ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወሬው መሀል ቀጥ አለ። ድንጋዩ አለቀ ብዬ ተውኩት።»

አይናዲስ ትንሿን ሬዲዮ ከግድግዳው አውርዳ ጀርባዋን ከፈተች። ባዶ ናት። አብረዋት ከመጡት ፖሊሶች አንዱን ከሱቅ ሁለት አዲስ ድንጋይ እንዲገዛ ላከችና ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

በፕላስቲክ ጓንቷ ፍላሹ ውስጥ ያሉትን ድንጋዮች አውጥታ ወደ ብርሃን አነሳቻቸው። «ሰምሃር፣ ይህ ምንድን ነው?»

ሁለቱም ላይ ስርጉድ ስርጉድ ያለ ረድፍ አለ፤ መሀሉ ላይ አንድ ቦታ ይዘላል።

«የአባዬ ጥርስ ነው። ከፊት አንዱ የለውም። የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ነክሶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል።»

«ለፍላሽስ ይሆናል?»

«አይሆንም። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሬዲዮ ያናግራል እንጂ ፍላሽ አያስነሳም። ፍላሽ በአንዴ ብዙ ነው የሚስበው።»

አይናዲስ ድንጋዮቹን ሬዲዮው ውስጥ ከተተቻቸው። ሬዲዮው ደከም ባለ ድምፅ ስለ አየር ጠባይ ተናገረ። ከዚያ ወደ ፍላሹ መለሰቻቸው። ጠበቁ። ቀዩ መብራት አልበራም። በመጨረሻ አዲሶቹን አስገባች፤ ቀጭን ፉጨት ተሰማ፣ መብራቱም በራ።

«ጽዳትሽ ደህና ነው» አለቻት ሰምሃርን። «አሁን ስሙኝ። ሬዲዮው ዝም ያለው አንድ ሰው ድንጋዩን ስላወጣ ነው። ያወጣው ፍላሹ ውስጥ ሊከት ነው። ሊከት የፈለገው ደግሞ ፍላሹ ባዶ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ሰምሃር፣ ትናንት አውጥተሽዋል። አቶ ሐድጉ ይህን ድንጋይ ለፍላሽ አይሞክሩትም፤ አንቺም አትሞክሪውም። ጠረጴዛው ላይ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው የሚሞክረው። ፍትዊ፣ በእነዚህ ሊበራ የማይችለውን መብራት በርቶ አየሁ ያልከው አንተ ነህ። የእሸቴ ካሜራ የት አለ?»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ» አለች ፈቲያ በቀስታ።

«ሸጥኩት» አለ ፍትዊ። «ዛሬ ጠዋት ደረሱበት። ለእሸቴ ራሴ እነግረዋለሁ ሲሉኝ ገፋኋቸው። ልገድላቸው አልነበረም።»

«እሱን አምንሃለሁ» አለች አይናዲስ። «ሬዲዮውን ስትከፍት ግን ጥፋቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ታውቅ ነበር።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት።

ሰምሃር እፎይታ ጠበቀች። እሱም አልመጣም። ኢንስፔክተሯ የተነከሱትን ድንጋዮች በትንሽ ላስቲክ አሽጋ ስትጨርስ ሰምሃር እጇን ዘረጋች።

«አንድ ጊዜ ልያዛቸው?»

አይናዲስ ሰጠቻት። ሰምሃር በላስቲኩ ላይ በአውራ ጣቷ ዳበሰቻቸው፤ ጣቷ የጎደለው ጥርስ ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። አባቷ ነክሰው ሲጨርሱ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አድርጊልኝ» እያሉ ነበር የሚሰጧት።

«መቼ ይመለሱልኛል?»

«ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ።»

«እስከዚያማ ይሞታሉ» አለች ሰምሃር፤ ያኔ አለቀሰች።