ኩሬውን ማን ከፈተው?

ልጆች፣ ወንጌላዊት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ኮምቦልቻ ዳር ነው፤ ጓሮው ውስጥ ከቦይ የሚሞላ ኩሬ አለ። በልግ ጠብ ሲል እንቁራሪቶች እዚያ ተሰብስበው እንቁላል ይጥላሉ። ወንዱ ሴቷን ሲጠራ እንዴት ይጮኻል መሰላችሁ! ደሴ ፒያሳ ያለ ባጃጅ ነጂ ክላክስ መስሎት መንገድ ይለቃል። ጨመርኩ እንዴ? ትንሽ ብቻ!

ወንጌላዊት የእሑድ መዝሙር ታጠናለች። «ተመስገን» ስትል ከጓሮ «ቋ!» ይላታል። ጆሮዋን ብትደፍን «ቋ! ቋ!» ይብስባታል። ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ ደግሞ ትቀመጣለች።

እናቷ ስመኝ ወደ ፋብሪካ ስትወጣ «የኩሬውን ውታፍ እንዳትነኪ» ብላታለች። እናትየዋ መንገዱን ስትታጠፍ ግን ልጅት ውታፉን መዘዘችው። ውሃው ተንዶለዶለና አለቀ።

እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ? የት አባታቸው! ቤት ገቡ። አንዱ ባልዲ ውስጥ፣ አንዱ ጫማ ውስጥ፣ አንዱማ አልጋ ላይ ወጥቶ ብርድ ልብስ ሊለብስ ነበር። እንቁላሎቹ ግን መሄጃ የላቸውም። እንደተዘፈዘፈ ተልባ ጭቃው ላይ ተጣብቀው ፀሐይ ታደርቃቸው ጀመር። ወንጌላዊት ደነገጠች። በጆግ ውሃ ብታፈስ ጭቃው ጠጣው።

ጎረቤቷ እትዬ ሰዒዳ ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ኩሬውን ማን ከፈተው?»

«የ... የእርስዎ ፍየል ናት። በቀንዷ።»

«ይቺ ሸይጣን!» ፍየሏን አጥር ላይ ጥብቅ አርገው አሰሯት። «እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ የቦዩ ውሃ ተራዬ ነው፤ ለቃሪያዬ ነበር። ይሁን፣ ለኩሬሽ ልልቀቀው። እነዚህም የአላህ ፍጥረት ናቸው።»

ውታፉን መልሰው ወተፉት፤ ኩሬው ሞላ። እንቁላሎቹ ተንሳፈፉ፣ እንቁራሪቶቹም ዘለው ገቡ። ታዲያ ወንጌላዊት ደስ አላት? ጉንዳን ቤት ላይ የተቀመጠች ነው የምትመስለው! ከአጥሩ ወዲያ ቃሪያው ጠውልጓል። ፍየሏ «ምን አደረግሁሽ?» እንደማለት ታያታለች። መዝሙሩን ጀመረችና «ተመስገን» ሳትል ተወችው።

ሮጠች።

«እትዬ ሰዒዳ፣ ፍየሏ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ዋሸሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ሰዒዳ ቃሪያውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ።

«ወላሂ፣ ይቺ ፍየል ውታፍ መንቀል የት ተማረች እያልኩ ስገረም ነበር! ውሃዬን ከሰጠሁሽ በኋላ ትነግሪኛለሽ?»

«ዝም ልል ነበር። ሆዴ እንቢ አለኝ።»

«ጎሽ ሆድሽ! በይ ባልዲ አምጪ፤ ከቦኖ ነው የምትቀጂው።»

እስኪመሽ ተመላለሰች። ክንዶቿ ተስበው ተስበው መሬት ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ቃሪያው ቀና አለ። ለእናቷም ሁሉንም ተናገረች፤ ስመኝ ተቆጣቻት፣ ከዚያ አቀፈቻት። ወንጌላዊት ፍየሏን ፈትታ ይቅርታ ብትጠይቃት፣ ፍየሏ የቀሚሷን ጫፍ በላችባት። እኔ ለፍየሏ ነው የምፈርደው!

ልጆቼ፣ ስታጠፉ በሌላ ላይ አታላክኩ፤ ቶሎ እውነቱን ተናግራችሁ ያበላሻችሁትን በገዛ እጃችሁ አቅኑ።