በምን ታጠበ?

መምህሩ የሞቱት ተንበርክከው ነው። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም ነበር። አንድ እጃቸው ወደ በሩ ተዘርግቷል፤ ሌላው የአስም መርጫቸውን ጨብጧል፤ ጉንጫቸው የመታጠቢያ ቤቱ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ዐርፏል። አጠገባቸው የእጅ ብሩሽና የተከፈተ የአሲድ ጠርሙስ አለ። ትንሿ መስኮት ጥርቅም ብላ ተዘግታለች።

ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ያስተማራትን ሰው ሬሳ ግን አይታ አታውቅም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ «ለምን?» እያለች እጇን የማታወርድ ልጅ በነበረችበት ጊዜ፣ እኚህ ሰው «ለምኔ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። «እስቲ ለምኔ ዛሬ ምን ይዛ መጣች?» ይሏት ነበር። እንባዋን ዋጥ አድርጋ ጓንቷን አጠለቀች።

ሐኪሙ ቀና አለ። «ዐይናቸውም ጉሮሯቸውም ተቃጥሏል። መርዘኛ ጋዝ ስበው ነው። ጤነኛ ሰው ሮጦ ያመልጥ ይሆናል፤ አስም ላለበት ግን ጥቂቱም ይበቃል።»

ሳጅኑ ነገሩ አልቆለታል። «አሲዱን ትናንት የገዛችው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ሁልጊዜ ከምትገዛው ዓይነት የተለየ ነው፤ የበረታ። መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ልውሰዳት?»

«ቆይ እስቲ። አሲድ ብቻውን እንዲህ ያለ ጋዝ አይሰጥም። የሚያጣላው ጓደኛ ያስፈልገዋል።»

«ጓደኛው የታለ?»

«እሱን ነው የምፈልገው» አለችና ወደ ወጥ ቤት አለፈች።

የቤት ሠራተኛዋ በርጩማ ላይ ኩርምት ብላለች። ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ቤት ኖራ፣ የመምህሩን ልጅ በጀርባዋ አዝላ አሳድጋለች። ከኋላዋ ያለው መደርደሪያ በመምህሩ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ «ጨው»፣ «ስኳር»፣ «ሶዳ»። በዚያ ቤት ስም ያልተጻፈበት ነገር ቢኖር ድመቷ ብቻ ናት።

«እትዬ፣ የዛሬውን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ ልጄ? ቅዳሜ ቅዳሜ መታጠቢያ ቤቱን የሚፈትጉት እሳቸው ናቸው። ውኃችን ድንጋይ ይሠራል፤ ወለሉ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። አሲዱን ለሰው አይሰጡም። የለመዱት ዓይነት ከሱቅ ጠፋ፤ ባለሱቁ ይኼም ያው ነው ሲለኝ ገዛሁ። እኔ ነኝ አሉ የገደልኳቸው?»

«ከእሳቸው በፊት ማን ገባ?»

«ሚጣ። ወለሉን አጥባ ወጣች። እሳቸው በሩ ላይ ቆሙና ‹በምን ታጠበ?› አሏት። ‹በሳሙና ነው አባዬ› አለች። እሺ ብለው ገቡ፤ ያው መግባታቸው ነው።» በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይጠይቃሉ?»

ሴትየዋ ትንሽ አሰበች። «አይ፣ ድሮ ምን ጠይቀው! አፍንጫቸው መቼ አነሰና! ሾርባው ሊይዝ ነው ብለው ከሳሎን የሚጮኹ ሰው እኮ ናቸው። በቅርቡ ነው መጠየቅ የጀመሩት። ባለፈው ደግሞ ወተት አርሮብኝ ቤቱ ሲታፈን፣ እዚሁ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ቀና እንኳ አላሉም። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ከሰው ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ትናንት ከወንድማቸው ጋር። ‹ንገራት! አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ!› ሲላቸው ሰማሁ። እሳቸውም ‹ብትነግራት ወንድሜ አይደለህም› አሉት።»

ወንድምየው ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ሙሉ ዕድሜውን የጭነት መኪና የነዳ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምኑን ነው ንገራት ያሏቸው?»

«አልናገርም። ቃል አለብኝ።»

«ለሞተ ሰው?»

«ለሞተ ሰውማ ይብሳል» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የመምህሩ ልጅ ሚጣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። የሰው ልብስ እየሰፋች የምትተዳደረው እዚሁ ቤት ነው። የተጀመረ እጅጌ ከመርፌው ሥር እንደተያዘ ቀርቷል።

«አባቴ አርባ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ነው። እሱ አይሳሳትም» አለች። «የተሳሳተ ነገር ገዝተው ሰጥተውት ነው። እትዬን እወዳታለሁ፤ ግን ምን እንደገዛች ትጠየቅልኝ።»

«ወለሉን በምን አጠብሽው?»

«በሳሙና።» መልሱ ወጥቶ ያለቀው ጥያቄው ሳያልቅ ነው። «ደግሞ ክፉ ነገር ቢኖር ይሸተው ነበር። የእሱን አፍንጫ አታውቂውም።»

«አውቀዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። መምህሩ ጠርሙሱን ከፊታቸው አርቀው፣ በመዳፋቸው አየሩን ወደ አፍንጫቸው እየማጉ፣ የጠርሙሱን ፈሳሽ በስሙ ሲጠሩት ክፍሉ ሁሉ ያጨበጭብ ነበር። ይህን እያሰበች ዐይኗን ዝቅ ስታደርግ፣ የልጅየዋ ጥቁር ካልሲ ጫፍ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች አየች። አዲስ ናቸው። ባለካልሲዋ ገና አላየቻቸውም።

ኢንስፔክተሯ የመምህሩ መኝታ ክፍል ገብታ ብቻዋን ቆመች። «ያየሽውን ጻፊ፣ ጠይቂ፣ ገምቺ» ይሏት ነበር። «ከዚያ ግምትሽን ራስሽ ለመጣል ታገዪ፤ አልወድቅ ካለሽ ያኔ እመኚው።» ያየችው ይህ ነበር፤ ሁሉን የሚያሸት ሰው መጠየቅ ጀመረ። ለምን?

ትራሱ ሥር ደብተር ነበረ። ራስጌው ላይ ደግሞ ክዳኑ የጠበቀ የብርጭቆ ማሰሮ፤ ውስጡ የታጠፈ የሴት ሻርፕ። የማሰሮው ወረቀት ላይ «በቀን አንዴ ብቻ ይከፈታል» ይላል። ደብተሩን ገልጣ ጥቂት መስመር እንዳነበበች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እስኪወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጥ ቤት ገባችና፣ ቀይ ጥቅል ጎመን ይኖር እንደሆነ ጠየቀች።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ሳጅኑ በሩን ተደግፎ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ የጎመን ውኃ ያለባቸው ሦስት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል።

«ይህን ያስተማሩኝ ቲቸር ናቸው» አለች ኢንስፔክተሯ። «የመጀመሪያው ላይ ከአሲዱ ጠብታ አደርጋለሁ።» ውኃው ቀላ። «ሁለተኛው ላይ ከወጥ ቤቱ ፈሳሽ ሳሙና።» ውኃው ወደ ሰማያዊ አደላ። «ሁለቱም ቀለሙን ለወጡት እንጂ አላጠፉትም። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ከመታጠቢያ ቤቱ ጠርሙስ። ቲቸር በእጃቸው ‹ፈሳሽ ሳሙና› ብለው የጻፉበት ነው።»

ጠብታዎቹ ወደቁ። ውኃው ለአፍታ አረንጓዴ መሰለ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀለሙ ድራሹ ጠፋ።

«በረኪና» አለ ሳጅኑ።

«በረኪና። የሚጣ ካልሲ ላይ ተረጭቶ ቀለሙን የነጠቀውም እሱ ነው። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ወለሉን ይሄዳል። ተንበርክኮ የሚፈትግ ሰው ደግሞ ፊቱ እዚያው ነው። አሲዱ ለዘብ ያለ ቢሆንም ጋዙ አይቀርም ነበር። እትዬ ምንም አላጠፉም።»

ሠራተኛዋ ትንፋሿን ለቀቀች። የልጅየዋ ፊት ግን አመድ መሰለ።

«አባዬ በረኪና ቤቴ አይገባም ይል ነበር» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። «ሽታውን ጠልቶ መስሎኝ... ለነጭ ጨርቅ የምጠቀምበት ነበረኝ። ማዕዘኑ ሻጋታ ያዘ፣ ሳሉ ባሰበት። በሳሙና አልለቅ አለኝ። ለደረቱ ብዬ ነው! ጠርሙሱ ውስጥ ደብቄ... ሌላ ጊዜ በብዙ ውኃ አለቀልቀው ነበር፤ ዛሬ ለስፌቱ ቸኩዬ ሳላለቀልቀው ወጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ በሳሙና በሳሙና ስል ለምጄው፣ ለአንቺም ስናገር ውሸት አልመሰለኝም። ግን እንዴት አልሸተተውም? ቢሸተው ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም ሲለኝ፣ ፈቀደልኝ ብዬ ነው የተውኩት!»

ኢንስፔክተሯ ወደ ወንድምየው ዞረች። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ቃሉ የሚጠብቀው ሰው የለም።»

ሰውየው «አልችልም» አለና አቀረቀረ። ኢንስፔክተሯ ደብተሩን አወጣች።

«እንግዲህ እኔ ላንብበው። ‹ቀን አንድ። ዓይን ተጨፍኖ። ሎሚ፣ የለም። ሽንኩርት፣ የለም። ላምባ፣ የለም። ሻርፕ፣ የለም።› ቀን ሁለትም ያው ነው። በየጠዋቱ እየሞከሩ ጽፈዋል፤ ሃምሳ ስምንት ቀን። ከያዛቸው ጉንፋን በኋላ የአፍንጫቸው ማሽተት ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ለዚህ ነው በሩ ላይ ቆመው መጠየቅ የጀመሩት። በአፍንጫቸው ምትክ የአንቺን ቃል ይዘው ነው የገቡት።»

«ንገራት ስለው» አለ ወንድምየው በመጨረሻ፣ «‹እናቷ ከሞተች ወዲህ ስፌቷን ጥላ እኔን ስትጠብቅ ነው የምትውለው፤ ይኼን ከሰማች ከጎኔ አትነሣም› አለኝ። ሸክም እንዳይሆንባት ነው። ምነው ብነግራት! ምነው ቃሌን በበላሁ!»

ልጅየዋ ኢንስፔክተሯን ትክ ብላ አየቻት። «እውነቱን ብነግረው ኖሮ ይገባ ነበር?»

ኢንስፔክተሯ መዋሸት ትችል ነበር። ቃሏ ብቻ የሚያሳርፋት ሰው ፊቷ ተቀምጣለች። ግን በዚህ ቤት በፍቅር የተነገረ ውሸትና በፍቅር የተያዘ ምስጢር ምን እንዳደረጉ ገና አሁን አይታለች። ቲቸርም ያልወደዱትን ውጤት የሚደብቅ ተማሪ አይወዱም ነበር።

«አይገቡም ነበር» አለች። «እሳቸውም እውነቱን ቢነግሩሽ፣ አንቺ አታስገቢያቸውም ነበር። ሁለታችሁም ተደባበቃችሁ፤ ሁለታችሁም ስለምትዋደዱ።»

ልጅየዋ ከወንበሯ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም። መጀመሪያ የደረሰችላት ሠራተኛዋ ናት። ጥቂት ቀደም ብላ ትጠየቅልኝ ያለቻትን ልጅ እቅፏ ውስጥ አስገብታ፣ እንደ ሕፃን ግራ ቀኝ እያወዛወዘች፣ «ሚጣዬ፣ ሚጣዬ፣ ለደረቱ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ» ትላለች።

ሳጅኑ ኮፍያውን አወለቀ። «ማንን ልውሰድ?» አለ በለሆሳስ።

«ማንንም። የሆነውን ለዐቃቤ ሕግ እኔ እጽፋለሁ። መኪናውን መልሰው።»

ለቅሶው ጋብ ሲል ኢንስፔክተሯ ማሰሮውን አምጥታ ከልጅየዋ ፊት አስቀመጠች። ልጅየዋ የአባቷን ጽሑፍ በጣቷ ተከትላ አነበበችው። ክዳኑን አላቀቀች፤ ፊቷን አስጠግታ፣ አባቷ እንዳስተማሯት አየሩን በመዳፏ ቀስ ብላ ወደ አፍንጫዋ ሳበችው።

«እትዬ፣ ይሸታል» አለች። «የእማዬ ሽታ አለ እኮ። አልጠፋም።»

ሠራተኛዋም ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ዐይኗንም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ወንድምየው ተነሥቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ለዛሬ ይበቃል» አለች ልጅየዋ፤ ክዳኑንም እንደ አባቷ አጥብቃ ዘጋችው።