ሳቂታን የወጋት እጅ

«በሩን ክፈቺው!» አለች ጩጬ።

«ቁጭ በይ አልኩሽ!»

ጥፊው ከቃሉ እኩል መጣ። ጩጬ ከአልጋው ብረት ጋር ተላተመችና ጆሮዋ ጭው አለ። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ እህቷ ዛሬም ጩጬ ነው የምትላት፤ እጇን አንስታባት ግን አታውቅም ነበር።

ሳቂታ ወለሉ ላይ ተዘርራለች። እሷና የጩጬ እህት የነርሲንግ ተማሪዎች ናቸው፤ ሦስቱም አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቅድም «ጉሮሮዬን አመመኝ» ስትል እንደ ልማዷ እየሳቀች ነበር። አሁን ከንፈሯ አብጦ ፊቷ የሌላ ሰው መስሏል። ደረቷን በጥፍሯ ትቧጥጣለች፤ ስትንፈራገጥ ወንበሩን ገፍታ ጣለችው።

በዚያ ቤት መታመም ቀልድ ነበር። የነርሲንግ ተማሪ ሆኖ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያሳፍራቸዋል። «እኛ እያለን!» ይላሉ። ለራስ ምታት ከአንዷ ቦርሳ፣ ለሆድ ቁርጠት ከሌላዋ መሳቢያ ክኒን ይወጣል፤ አንዷ ጀምራ የተወችውን ካፕሱል ሌላዋ ትጨርሰዋለች። የጩጬን እህት ጓደኞቿ «ዶክተሯ» ይሏታል። ስትወጋ አያምም፤ እሷም በዚህ ትኮራለች። ዛሬም ሳቂታን ፔኒሲሊን ወጋቻት። ሰውነቷ ይቀበለው እንደሆነ መጀመሪያ ቆዳ ላይ በትንሹ እንደሚሞከር ጠፍቷት አይደለም። «ባለፈው የዚሁኑ መድኃኒት ካፕሱል ውጣ ምን ሆነች?» ብላ ሙከራውን ዘለለችው።

«የአለርጂ ክኒን ሰጥቻታለሁ፤ አሁን ይለቃታል» አለች እህቷ። ቁልፉን ጨብጣ በሩን በጀርባዋ ደግፋለች።

«መች ዋጠችው? ይኸው ተፍታዋለች! ልትሞት ነው እኮ!»

«ከወሰድናት ከትምህርት ቤት እባረራለሁ! ገባሽ? አባባ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚሆን አስበሻል?»

ጩጬ አባቷን አሰበች። ከዚያ ከሳቂታ ጉሮሮ ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ። ጩጬ ጎንበስ አለችና የእህቷ ሆድ ላይ በጭንቅላቷ ገባችባት። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ብርጭቆው ተከሰከሰ። እህቷ ፀጉሯን ጨምድዳ ይዛ ከግድግዳው ጋር አጋጨቻት፤ ደግማ አጋጨቻት። ጩጬ እያለቀሰችም እየተሳደበችም ቁልፉን የያዘውን እጅ ነከሰች። አፏን ደም ደም እስኪለው አልለቀቀችውም። እህቷ ጮኸች፤ ቁልፉ ወደቀ። ጩጬ አንስታ በሩን ከፈተችው።

«ኧረ የሰው ያለህ!»

ጎረቤታቸው አናጺው መጋዙን ጥሎ መጣ። ምንም ሳይጠይቅ ሳቂታን ተሸክሞ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሮጠ። ሁለቱ እህትማማቾች ደም በደም ሆነው ተከተሉት።

«ምን ወስዳለች?» አለ ሐኪሙ፣ የሳቂታን ሸሚዝ እየቀደደ።

«ምንም» ብላ ቀደመች እህቷ። «የበላችው ነገር ይሆናል።»

ጩጬ ቀና ብላ አየቻት። ፊደል ያስቆጠረቻት፣ ትኩሳት በያዛት ጊዜ ከአጠገቧ ያልተነሳችው እህቷ ናት። ዓይኗ ይለምናታል። ጩጬ ከማንም በላይ ትወዳታለች፤ ቢሆንም ፊቷን ወደ ሐኪሙ አዞረች።

«ፔኒሲሊን ተወግታለች» አለች። «እህቴ ናት የወጋቻት። አሁን፣ ቤት ውስጥ።»

ሐኪሙ ወደ ነርሷ ዞሮ የመድኃኒት ስም ጠራ። መጋረጃው ተሳበ። ከውስጥ ጥድፊያ፣ የብረት ኳኳታ፣ ትእዛዝ ይሰማል፤ የሳቂታ ድምፅ ግን የለም። ጩጬ አፏን በሁለት እጇ አፍና ቆመች። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ኃይለኛ ሳል ተሰማ፤ ከሳሉ በኋላ ለቅሶ።

ነርሷ ብቅ ስትል ግንባሯን ላብ አጥምቆታል። «ተርፋለች። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብላ ተወችው።

እህቷ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። «ጉድ ሠራሽኝ» አለች በሹክሹክታ። «በቃ፣ ትምህርቴ አበቃ።»

«አውቃለሁ» አለች ጩጬ። እሷም እያለቀሰች ነበር። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም፤ አጠገቧ ተቀመጠች።

ነርሷ የጩጬ እህት በሻርፕ የጠቀለለችውን እጅ አየች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«ኧረ ምንም አይደል» አለች እህቷ እጇን እየደበቀች። «ቤት ሄጄ ራሴ አጥበዋለሁ። የምውጠውም አለኝ።»

ጩጬ ብድግ አለች።

«ሰው ነው የነከሳት» አለች ነርሷን። «እኔ ነኝ። በደንብ እዩላት።»

የእህቷን ደህነኛ እጅ ይዛ ወደ ማከሚያው ክፍል ጎተተቻት።