«ብላ» የተባለው ማን ነው?

ሽማግሌው አናጢ በሥራ ክፍላቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። በክርናቸው በኩል ተጋምሶ የቀረ የምሳ ሳህን፣ ፊት ለፊታቸው የቼዝ ሰሌዳ ነበር። ምሳው ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ። ምሳውን ያመጣችው ምራታቸው ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእሳቸው ጋር ትሠራለች። ፖሊሱ ሰፈሩ እያየ እጇን አስሮ ወሰዳት።

በማግስቱ መርማሪው ወደዚያው ክፍል አስመጣት።

«እመኚ፣ ይቀልልሻል» አላት ፖሊሱ።

«ያላደረግኩትን አላምንም። ብትፈልግ እስከ ዓመት አስረኝ።»

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ቀረበች። «የስፌት መኪናዬ እየጮኸ የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየሁም። ‹ብላ፤ ግድህ ነው፣ ትበላታለህ› ሲባል ግን ሰምቻለሁ። የእሷ ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

ምራቲቱ ቀና አለች። «አባባን አንተ ብዬ አላውቅም። እኔ ብሆን ‹ይብሉ› ነበር የምለው። ተናድጄም ቢሆን ‹ይብሉ›።»

«ሊገድል የመጣ ሰው አክብሮት ይረሳል» አለ ፖሊሱ።

«ምላስ አይረሳም» አለ መርማሪው። ሳህኑን አየ፤ ማንኪያው አንድ ብቻ ነው። ወጣና የሟችን የቼዝ ባልንጀራ፣ ጡረተኛውን አስተማሪ ጠራ።

«ጋሼ፣ በጨዋታ ‹ብላ› ሲባል ምን ማለት ነው?»

«እንደ ጨዋታው ነዋ። በቼዝ መብላት በፈቃድህ ነው፤ ንጉሥህ ካልተጨነቀ ማን ያስገድድሃል? እኛ በምንጫወተው ካርታ ደግሞ የበላ ማለት ያሸነፈ ነው፤ ጠረጴዛውን ጠርጎ ይወስዳል። በዳማ ግን ጠጠር ከተሰጠህ፣ ሞትህን እያየህም ቢሆን ትበላለህ። እሱ ዳማን ከወንድሙ በቀር ከማንም ጋር አይጫወትም ነበር።» ሰሌዳውን አዩና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይኼንን ማን ደረደረው? ንጉሡና ንግሥቲቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። በገዛ እጁ የጠረበውን እንዲህ አይደረድርም።»

የሟች ታናሽ ወንድም እያለቀሱ ገቡ።

«ከወንድምዎ ጋር መጨረሻ የተጫወቱት መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት፣ ቼዝ። ዳማ ከልጅነታችን ወዲህ ነክተን አናውቅም።»

«ማን አሸነፈ?»

«እሱ ነዋ፤ ነፍሱን ይማርና ተንኮለኛ ነበር። አንዷን ሰጠኝ፤ መተው አይቻል፣ በላኋት። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሦስት ዘሎ ጠራረገኝ።»

መርማሪው ክፍሉን ፈተሸና ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«‹ብላ› ያሉት ሟች ራሳቸው ናቸው» አለ። «የተናገሩትም ከእሳቸው ለሚያንስ ወንድ ነው። ማንኪያው አንድ ስለሆነ፣ ብላ ያሉት ምሳ አይደለም። ግዴታ የሆነው መብላት የዳማ ነው። የዳማውን ሰሌዳ ከጣውላው ጀርባ ተሸጉጦ አገኘነው፤ ጠጠሮቹ ላይ የትናንቱ ምሳ ቅባት አለ። የደበቀው ሰው በቦታው ቼዝ ደረደረ፤ ግን ቼዝ አያውቅም።» ወደ ወንድምየው ዞረ። «ጌታዬ፣ በቼዝ ሦስት ዘሎ የሚበላ የለም። የነገሩኝ የትናንቱን ዳማ ነው።»

ወንድምየው እንባቸው ደረቀ። «በጨዋታ ወሬ ሰው ይታሰራል?»

«ጨዋታ ብቻ ከሆነ ሰሌዳውን ለምን ደበቁት?»

«የአባታችን ቤት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ቁልፉን ለባዕድ ሊሰጥ። እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ነው መርዙን የጨመርኩበት።»

«ባዕድ እኔ ነኝ» አለች ምራቲቱ፣ ዓይኗን ከእሳቸው ሳትነቅል። «አሥር ጣቴን መጋዝ እየቆረጠኝ አብሬያቸው የሠራሁት።»

ፖሊሱ እጇን ፈታ። «በጓሮ ላውጣሽ፤ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል።»

«በፊት ለፊት ነው የወሰድከኝ። በፊት ለፊት እወጣለሁ፤ አንተም ከጎኔ ትሄዳለህ።»

ፖሊሱ ከበሩ ሁለት መዝጊያዎች አንዱን ገፋ አደረገ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሁለቱንም» አለችው።