የተደፋው የናስ ሳህን

«እግሩን ያስገባ ፋሲካን አያይም።»

እማማ አልጣሽ ይህችን መጀመሪያ የጣሏት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ቀጥሎ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬ ሲያስመዝኑ ደገሟት። በሦስተኛው ቻምበርስ ሮድ፣ ጋሽ ባስልዮስ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ንፍሮውን በመዳፉ እንደያዘ አሏት፤ ከዚያ በኋላ ወደ አፉ የመለሰ አልነበረም። ወሬዋ በዞረች ቁጥር ትወፍራለች። መጀመሪያ እባብ ብቻ ነበረባት፤ ከዚያ የመቅደሱ ዘበኛ ተጨመረላት፤ ከዚያ የዘበኛው ዓይን።

ኮከብ በሰማቻት ቁጥር ዓይኗ ወደ እግሯ ይወርዳል። እሷም አስገብታለችና።

ከጥምቀት ማግስት አራት ሰዎች ይዛ ከስደት ከተማቸው ከኦሮራ ወደ ህንድ፣ ወደ ኬረላ ሄዳ ነበር፤ ራሷን አምስተኛ አድርጋ። ኮልፋክስ ላይ አንድ ክፍል የጉዞ ወኪል ቢሮ አላት። ሐዋርያው ቶማስ ሰበከበት የሚባለውን አገር፣ የእኅት ቤተ ክርስቲያን አድባራትን አሳያችኋለሁ ብላ ያሰባሰበቻቸው እሷ ናት፤ አሳየቻቸውም። በስድስተኛው ቀን ግን ሾፌሩ መንገድ ዳር ከሂንዱዎች የእባብ መቅደስ ፊት አቆመ። በዛፎቹ ሥር የድንጋይ እባቦች በሺህ ተደርድረው፣ እርድ ተነስንሶባቸው፣ ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ በሩ ያያሉ። «ለፎቶ ብቻ» ተባለ።

ከተመለሱ በኋላ፣ በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ኮከብ የጉዞውን ቪዲዮ ልትቀበል ጋሽ ባስልዮስ ቤት ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ሰውየው ከወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀዋል፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆና የኬረላ ጸበል የነበረበት ጠርሙስ። እንደ ልማዳቸው ጧት በባዶ ሆዳቸው ጠጥተው ነው። ሰው ሁሉ ልብ ነው አለ። በአምስተኛው ሳምንት የምርመራው ውጤት ሲመጣ ግን፣ ማንም ሐኪም ያላዘዘላቸው የልብ መድኃኒት በደማቸውም በጠርሙሱም ተገኘ። አስከሬኑን ያገኘችው ኮከብ፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሕፈት የኮከብ።

ውባየሁ ወደ ኮከብ ቢሮ ስትመጣ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ውባየሁ አዲስ አበባ ሰባት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህ ለሐኪም ቤትና ለፖሊስ ታስተረጉማለች።

«በር ቆልፈሽ ነው የምትሠሪው?»

«ክፍት ነው።»

«ሦስቴ ገፋሁት።»

ኮከብ መቆለፏን አላስታወሰችም። ከዚያች ጧት ወዲህ እጇ ብቻውን ነው የሚቆልፈው።

«ፖሊሶቹ ሰኞ ጠበቃ ይዘሽ ነይ ብለውሻል» አለች ውባየሁ ሳትቀመጥ። «የተናገርሽውን እንዳለ ተርጉሜልሻለሁ። ውሸቱንም ጭምር።»

«ምን ዋሸሁ?»

«መቅደሱ አልገባሁም አልሽ።»

«ንስሐ አባቴ እንዳይሰሙ ነው።»

«ንስሐ አባትሽ ሰባት ቀን ስገጂ ይሉሻል። ፖሊስ በስግደት አይለቅም። ማን ማን ገባ?»

«እኔ ከበሩ ትንሽ አልፌ ፈርቼ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ጋሽ ባስልዮስ ዘለቁ። ወንድ ሸሚዙን ሳያወልቅ አይገባም አሏቸው፤ እዚያው አውልቀው፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው እየቀረጹ ገቡ።»

«ደረታቸውን አየሽው?»

«ጀርባቸውን ነው ያየሁት።»

«ሌሎቹስ?»

«ሀብቱ ሆዱን ብሎት ሆቴል ቀርቷል። ፀዳልና እናቷ እማማ አልጣሽ ከውጭ ዛፍ ሥር እንጠብቃለን አሉ።»

ውባየሁ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየቻት። ፖሊሱ እንድታነብለት የሰጣት የጠርሙሱ ፎቶ ነው። ወረቀቱን ውሃ አጥቦት ሁለት ፊደል ብቻ ቀርቶበታል። ኮከብ የራሷን የእጅ ጽሕፈት ብቻ አየች፤ ፊደሉን ልብ አላለችውም።

«ምን ነበር የጻፍሽው?»

«የክርስትና ስማቸውን። እዚያ ያሉት ካህን በክርስትና ስም ነው የባረኩልን። ለጋሽ ባስልዮስ ወልደ ጊዮርጊስ፤ ለሀብቱ ገብረ መድኅን፤ ለእማማ አልጣሽ ፍቅርተ ማርያም፤ ለፀዳል ወለተ ሐና፤ ለእኔ አመተ ሚካኤል።»

ውባየሁ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። «የአንቺ ጠርሙስ የት አለ?»

«ደፋሁት። ፈራሁና ደፋሁት። ጸበል በመድፋቴ ደግሞ ፈራሁ። ውባየሁ፣ እውነት ፋሲካን አላይም?»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ። ተነሽ፣ መኪናሽን አስነሺ።»

እነ ፀዳል ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር፣ ያረጀ አፓርታማ ምድር ቤት ይኖራሉ። ፀዳል የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ መድኃኒት አዳይ ናት፤ ባሏ መልከጼዴቅ ዲያቆን ነው። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረው ልጅ አልወለዱም። ሲገቡ እማማ አልጣሽ ጥጉ ላይ ተቀምጠው፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ ገልጠው እያነበነቡ ነው። ውባየሁ ልትስማቸው ጎንበስ ስትል በቀይ የተጻፈውን የገጹን ርእስ አየች።

«ዛሬ ሐሙስ አይደል፣ እማማ?»

«ሐሙስ ነው ልጄ። የሐሙሱን እያደረስኩ ነው።»

«ያድርስልዎ።»

ፀዳል ሰፊ ሹራብ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። «ፋርማሲ ልወጣ ስል ነው የመጣችሁት። ባለፈው ወር የእማዬ የልብ ኪኒን ከነብልቃጡ ጠፍቶ፣ ዳግም የሚሞላበት ቀን ተዛብቶብኛል።»

«የት ጠፋ?»

«እኔ እንጃ። ጣልኩት አለች።»

እማማ አልጣሽ ከጥጉ ሆነው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ወሬያቸውን ጀመሩ። «እኔማ ተናግሬ ነበር። ሸሚዙን ጥሎ፣ ያን እንደ መቶ እግር የተሰፋ ደረቱን ለእባብ ገልጦ ሰጠ። እግሩን ያስገባ ፋሲካን አያይም።»

ኮከብ ወደ እግሯ አየች። ውባየሁ ግን ወደ ፀዳል ዞረች።

«ስንት ወርሽ ነው?»

ፀዳል ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አደረገች። «ማን ነገረሽ?»

«ግማሽ ቀኔን ማዋለጃ ክፍል ነው የምውለው። ነጋሪ አልፈልግም።»

«ከህንድ ከተመለስኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። ሐኪም ገና አላየሁም።»

«እኔ ነኝ አትሄጂ ያልኳት» አሉ እናትየው። «ሆዷ ሳይጠና በመሣሪያ ያዩት ፅንስ ዓይን ይገባዋል። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀን አሁን ልናስበላው?»

ሀብቱን ያገኙት ግሮሰሪ ፊት፣ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ቁጭ ብሎ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ከሟቹ ጋር መጣላቱን ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«ስልክህን እሰብረዋለሁ ነው ያልኩት» አለ መስኮቱን እስከ ግማሽ ብቻ ከፍቶ። «ሰውየው የጣዖት ቤት ቪዲዮ ለፋሲካ አዳራሽ ውስጥ አሳያለሁ ሲል ምን ልበለው? እሰየው ልበለው?»

«ቪዲዮውን አይተኸዋል?»

«አላየሁም። 'ሴት ሳህን ስትደፋ አለበት፤ ጣፋጩ እሱ ነው' እያለ ይስቅ ነበር። ስልኩ ተቆልፎ ፖሊስ ጋ ነው አሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኮከብ፣ እኔ ሆቴል ነው የቀረሁት። እኔን አይመለከተኝም አይደል? እርግማኑ ማለቴ ነው።»

ወደ መኪናው ሲመለሱ ውባየሁ ጠየቀች። «ሳህን መድፋት ምንድን ነው?»

«አስጎብኚው ነግሮናል። ልጅ ያጣች ሴት የናስ ሳህን ከእባቡ ፊት በአፉ ትደፋለች። ከወለደች ተመልሳ ታቃናዋለች። ልጁም...» ኮከብ ቃሉ ከአፏ አልወጣ አላት።

«ልጁም የእባቡ ስጦታ ነው። በይ ቅዳሜ ሁሉንም ቢሮሽ ጥሪልኝ። ሁለት ባዶ ጠርሙስና ያን ብዕርሽን አዘጋጂ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አምስት ወንበር ሞላ። ፀዳልና መልከጼዴቅ ጎን ለጎን፣ እማማ አልጣሽ ከክፍሉ መካከል፣ ሀብቱ ከመስኮቱ ሥር፣ ኮከብ ከጠረጴዛዋ ጀርባ። የፖሊሱ መርማሪ በሩ ላይ ቆሟል። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፤ ኮከብም አብራ።

«ከፊደል ልጀምር» አለች ውባየሁ። «ከሟቹ ቤት በተገኘው ጠርሙስ ላይ የቀሩት ሁለት ፊደሎች ወ እና ለ ናቸው። ጋሽ ባስልዮስ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። የሳቸው ቢሆን ሁለተኛው ፊደል ል ይሆን ነበር። ሁለት እግሩ ቀጥ ያለ ለ ግን ወለተ ነው፤ ሴት ናት። ከአምስቱ ወለተ የምትባል አንዲት ብቻ አለች።»

መልከጼዴቅ ሚስቱን አያት።

«የእኔ ነው» አለች ፀዳል ቀስ ብላ። «ግን ለማንም አልሰጠሁም። ከመደርደሪያው ሲጠፋ እማዬ ጠጥታው መስሎኝ ነበር።»

ውባየሁ በእንግሊዝኛ ለፖሊሱ ነገረችው። አንድ እርምጃ ወደ ፀዳል ሲራመድ እማማ አልጣሽ ከወንበራቸው ተነሡና መልሰው ተቀመጡ።

«ይቆይ» አለችው ውባየሁ። «ፀዳል ፊደል ትቆጥራለች፤ መድኃኒት ማደልም ሥራዋ ነው። መርዝ ያለበትን ጠርሙስ ከነክርስትና ስሟ ለሟች አትልክም፤ ወረቀቱን ልጣ ትጥለው ነበር። ይህን የሠራ ሰው ወረቀቱ ላይ ያለው ስም መሆኑን አላወቀም።»

ሁለቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ አቆመቻቸው። ሁለቱም ላይ ኮከብ ጽፋባቸዋለች።

«እማማ፣ አንዱ የእርስዎ ነው። የቱ ነው?»

አሮጊቷ ሁለቱን አዩ። እጃቸው ወደ ቀኙ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ግራው ሄደ። «መነጽሬን ትቼ...»

«ሐሙስ ዕለት ያለ መነጽር ያነቡ ነበር። በአፍዎ የሐሙሱን፣ በጭንዎ ላይ የተገለጠው ግን የሰኞውን።»

ግራውን ያዙ። ወለተ ሐና የሚል ነበር።

ኮከብ ይህን ያህል ጊዜ የፈራችው እባቡን ነበር፤ የሚያስፈራው ግን እዚህ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ከፊቷ ተቀምጧል።

«ቀጥሎ ወሬው» አለች ውባየሁ። «ጋሽ ባስልዮስ ደረታቸው ተቀዶ እንደነበር ከልጃቸው በቀር ማንም አያውቅም። ሾፌር ነበሩ፤ ሥራ እንዳይከለከሉ ደብቀውታል። እኔ የሰማሁት ለፖሊሱ የሐኪም ወረቀታቸውን ሳነብ ነው። ሸሚዛቸውን ያወለቁት ከመቅደሱ በር ውስጥ ነው። እማማ ግን ከውጭ ዛፍ ሥር ሆነው ስፌቱን እንደ መቶ እግር አዩት። የሌላ ሰው ወሬ ሲደገም ውሸት ይጨምርበታል፤ የእርስዎ እውነት ነው የጨመረው።»

«እማዬ፣ ዝም በዪ» አለች ፀዳል።

«ገብተዋል፤ ልጅዎን ይዘው። ሳህኑን አስደፍተዋታል፤ ጋሽ ባስልዮስም ቀርጸውታል። ከዚያ እሷ ፀነሰች፣ እሳቸው ደግሞ ለፋሲካ አሳያለሁ አሉ። ያ የልብ ኪኒን አልጠፋም፣ እማማ።»

እማማ አልጣሽ ጠርሙሱን አልለቀቁም። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ እንጂ ውባየሁን አላዩአትም።

«ለመንኩት። እግሩን ልስም ጎንበስ አልኩ። 'እማማ፣ ይሄ እኮ ነው ጣፋጩ' ብሎ ሳቀብኝ። የዲያቆን ሚስት ከእባብ ወለደች ይባል? ልጁ ሲሄድ 'ተሳበ' ይበሉት? ጸበሌ አለቀ ሲል ሰማሁና ወሰድኩለት። የእኔን የወሰድኩ መስሎኝ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የጸበሉ ስም ነው ብዬ ነው፤ ጽሑፍ ሁሉ ለእኔ አንድ ነው። አንቺን ሊወስዱብኝ ነበር?»

መልከጼዴቅ ተነሥቶ ከሚስቱ ጀርባ ቆመ፤ ሁለት እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ፖሊሱ አሮጊቷን ሲወስዳቸው በሩ ላይ ጫማቸውን ፈለጉ። አውልቀው ነበር የተቀመጡት፤ መቼ እንዳወለቁ ማንም አላየም።

ኮከብ ፋሲካን አየች። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አስቀደሰች፤ ስታስቀድስም እግሯን ሁለት ጊዜ አየች።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ፀዳል ደወለችላት። «ሐኪም ቀጥሮኛል። መልከጼዴቅ ሥራ ላይ ነው፤ ብቻዬን እፈራለሁ።» አብረው ሄዱ። ጨለምለም ባለው ክፍል ባለሙያዋ በፀዳል ሆድ ላይ መሣሪያውን እያንሸራተተች ስክሪኑ ላይ ለካች፣ ቁጥር ጻፈች፣ ፈገግ ብላ ተናገረች።

ፀዳል ወደ ኮከብ ዞረች። «ስንት አለች? አንቺም ሰማሽ?»

«አሥራ ስምንት ሳምንት።»

ኮከብ የጉዞውን ቀን ከስልኳ አወጣች። መቅደሱ በር ላይ ከቆሙ ልክ አሥራ ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው። ሁለቴ ቆጠረችው፤ አልተለወጠም። ፀዳል ሳህኑን ስትደፋ ልጁ ስድስት ሳምንት ሆኖት ነበር።