ስድስት ፋብሪካዎችና አንድ ቶርኖ

«እዚህ ጋ ‹የካፒታሊስት ሎሌዎች› የሚል ጨምሬበታለሁ» አለ ሰማታር።

ቱሪያ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። የዕረፍት ሰዓት ስለነበር ዐሥረኛ «ሐ» ክፍል ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ከሙቀቱ ሸሽተው ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል።

«ማንን ነው ሎሌ የምትለው?»

«ሠሪዎቹን ነዋ! የሀብታም አውሮፕላን የሚሠራ የሀብታም ሎሌ ነው። አቦ አትጨቃጨቂኝ፣ ለራስሽ ብዬ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ለራሷ ብሎ ነበር። ሰማታር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሯት የተማረ የሰፈር ልጅ ነው። ዘንድሮ የክፍሉ የወጣቶች ማኅበር ተጠሪ ሆኗል። የትኛው ቃል ጓድ ካሂንን እንደሚያስቆጣ፣ የትኛው ቃል ደግሞ ራሳቸውን በአዎንታ እንደሚያስነቀንቃቸው ያውቃል። ጓድ ካሂን የፖለቲካ ትምህርት መምህሩ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው የጂኦግራፊው መምህር ጋሽ ወልደጻድቅ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ አንድ የዓለም ኢንዱስትሪ አጥንቶ ክፍል ፊት እንዲያቀርብ ባዘዙ ጊዜ ነው። ከሁሉ የበለጠው ጽሑፍ በሰኔ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን ይሄዳል። አንዱ ሲሚንቶ መረጠ፣ ሌላው ክርና ጨርቅ፣ አንዷ ስኳር። ቱሪያ ግን ብድግ ብላ «የግል ጄት የሚሠሩ ኩባንያዎች» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው አዩአትና «በርቺ» አሉ። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ «ሐሙስ ዕለት ጓድ ካሂን እንደሚገኙ ግን አትርሺ» አሉ።

«አሁን ስሚኝ» አለ ሰማታር፤ ወረቀቱ ላይ በራሱ እጅ የጻፈውን እየጠቆመ። «ይቺን መጀመሪያ ላይ ታነቢያለሽ። ስትጨርሺ ትደግሚያታለሽ። መሃሉ ላይ የፈለግሽውን በይ፣ ማንም አይነካሽም።»

አንቀጿ አጭር ነበረች። «እነዚህ የሰፊውን ሕዝብ ላብ የሚመጥጡ የኢምፔሪያሊዝም መጫወቻዎች፣ በካፒታሊስት ሎሌዎች እጅ የሚሠሩ የቅንጦት ዕቃዎች…» ትልና ትቀጥላለች።

«መጽሔቶቹን ከየት አመጣሽ ካሉሽ ደግሞ፣ ቀፊራ ገበያ ዕቃ የተጠቀለለበት ወረቀት ነው በይ። አባቴ ሰጠኝ እንዳትዪ። የፈረንጅ መጽሔት ቤቱ የሚያከማች ሰው ብለው አባትሽን ቀበሌ ቢያስጠሩትስ?»

ቱሪያ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

መጽሔቶቹን ያመጣው እውነትም አባቷ በሺር ነው። በምድር ባቡር ወርክሾፕ የቶርኖ፣ ማለትም የብረት መላጫ መኪና፣ ሠራተኛ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ፈረንሳይኛውን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይሆን ከድሮ ፈረንሳዊ አለቆቹ አፍ ነው። የሠራተኞቹ ክበብ አሮጌ ዕቃውን ሲያስወጣ ሌሎቹ ወንበርና መደርደሪያ ተሻሙ፤ እሱ አንድ እስር የአውሮፕላን መጽሔት በትከሻው ተሸክሞ ቤት ገባ። «ምን ሊሠራልን ነው?» ብላ እናቷ ሸፊቃ ስትጠይቀው፣ «ሥራ አለበት» አላት።

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ከዐሥር ሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። እሱ ብረት ባጠቆረው ጣቱ መስመሩን እየተከተለ ይተረጉማል፣ እሷ ትጽፋለች። በዚህ ዓይነት ስድስት ፋብሪካ አወቀች። አሜሪካ ውስጥ ዊቺታ በምትባል አንዲት ከተማ ሁለት ተፎካካሪዎች አሉ። አንዱ ሊርጄት ነው፤ ንድፉ የተነሣው ስዊዞች ጀምረው ከተዉት ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ ፍጥነቱም ያንን ይመስላል። ሌላው ሴስና ነው። ሴስና የመጀመሪያውን ትንሽ ጄት ሲያወጣ በጣም ቀርፋፋ ስለነበር አብራሪዎች «ወፍ እንኳ ከኋላው ደርሶ ይገጨዋል» እያሉ ቀለዱበት። ግን ዋጋው ቀለል ያለ፣ በአጭር ሜዳ የሚያርፍ ስለሆነ ገበያውን ወሰደው። ሳቫና በምትባል ከተማ ገልፍስትሪም አለ፤ ረጅሙን ባሕር የሚያቋርጡትን ትልልቆቹን ይሠራል። ፈረንሳዮቹ ዳሶዎች ቦርዶ አጠገብ የሚገጣጥሙትን ጄት «ጭልፊት» ብለው ሰይመውታል። እንግሊዞች ደግሞ ኩባንያው ሲቀያየር ሦስት ስም የወጣለት «አንድ መቶ ሃያ አምስት» የሚባል ጄት አላቸው። በስድስተኛነት ቱሪያ ሶቪየት ኅብረት ሳራቶቭ ውስጥ የሚሠራውን ያክ አርባን ጻፈች። ለተራ መንገደኛ የተሠራ ነው፤ ጥቂቶቹ ግን ለባለሥልጣናት ተብለው ሳሎን ተደርጎባቸዋል። ይህንንም ሳትደብቅ ጻፈችው።

ረቡዕ ቀን ከትምህርት ቤት እንደወጣች የአባቷን ምሳ ይዛ ወደ ወርክሾፑ ሄደች። አባቷ ገና እጁን ሳይታጠብ አንድ ላንድሮቨር አቧራ እያስነሣ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የአውሮፕላን ጣቢያው ሰው ሣህሉና አንድ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ነጭ አብራሪ ወረዱ። አብራሪው በመዳፉ ላይ ለሁለት የተቆረጠ፣ የጣት ውፍረት ያለው ብረት ይዟል።

«ጋሽ በሺር፣ አንተን ብለን ነው የመጣነው» አለ ሣህሉ። «ለድርቁ ሐኪሞችና መድኃኒት ያመጣች ትንሽ ጄት አለች። አፍንጫዋን ወደ እርዳታው እህል ክምር አዙራ ቆማለች፤ ሞተር አስነሥታ እዚያው ብትዞር ከኋላዋ ያለውን ሰውና ድንኳን በነፋሷ ትበትነዋለች። በትራክተር ወደ ኋላ ስንገፋት ትራክተሩን ከፊት እግሯ የሚያያይዘው የመጎተቻው ፒን ተቆረጠ። ትርፍ የላቸውም።»

በሺር ቁራጮቹን ተቀብሎ ገጠማቸው። ወደ ብርሃን አዞራቸው። በጥፍሩ ወገባቸውን ዳሰሰ።

«ሳይመሽ መነሣት አለባት» አለ ሣህሉ። «እባክህ ከጠንካራው ብረት ሥራልን። ሁለተኛ እንዳይቆረጥ።»

«ከጠንካራው አልሠራውም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ይሄ የተሠራው እንዲቆረጥ ነው» አለ በሺር። «እየው፣ ወገቡን ዙሪያውን ቦይ አውጥተውለታል። ሰው በዋዛ እንዲህ አያደርግም፤ እሱ ተቆርጦ ሌላው እንዲተርፍ ነው።»

ሣህሉ ትዕግሥቱ አለቀ። «አሁን ፍልስፍና ጊዜው ነው? ሰው ይጠብቃል! ጠንካራ አድርገህ ሥራው፣ በቃ።»

አባቷ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን አጣጠፈ። ቱሪያ ይህን ታውቀዋለች። እጁን ካጣጠፈ ባቡር ቢመጣ አያንቀሳቅሰውም። አብራሪው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እያየ በእንግሊዝኛ «ችግሩ ምንድን ነው?» አለ። ሣህሉ ተናዶ ስለነበር አልመለሰለትም።

ቱሪያ የምሳውን ዕቃ እንደያዘች አንድ እርምጃ ቀረበች።  በክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር እንግሊዝኛ ተናግራ አታውቅም።

«አባቴ፣ ፒኑ ለስላሳ መሆን አለበት ይላል» አለች በእንግሊዝኛ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች። «ፒኑ ጠንካራ ከሆነ ፒኑ አይሰበርም። የአውሮፕላኑ እግር ይሰበራል።»

አብራሪው አያት። ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ «በትክክል! በትክክል!» እያለ የአባቷን ዘይታም እጅ ይዞ ይወዘውዘው ጀመር። ለሣህሉም በችኮላ አስረዳው። ጄቷ ከሙቀቱ የተነሣ በለሰለሰው አስፋልት ውስጥ ገባ ብላ ስለነበር ግፊቱ ከብዷል። ፒኑ ባይቆረጥ ኖሮ የፊት እግሯ ይጣመም ነበር። ማንም አላጠፋም፤ ፒኑ ሥራውን ነው የሠራው።

ሣህሉ አንገቱን አከከ። «ይቅርታ፣ ጋሽ በሺር።»

«ችግር የለም» አለ በሺርና ወደ ቶርኖው ዞረ።

ቱሪያ አባቷ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይታለች። እንደዚያን ቀን ግን አይታው አታውቅም። ከአንድ አሮጌ የፉርጎ ዘንግ የሚስማማውን ብረት መርጦ አሰረ። የሚላጨው ብረት እየተጠቀለለ ይወድቃል። በየጥቂቱ ያቆማል፣ በካሊፐር ይለካል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ እንደገና ይላጫል። ሌሎቹ ሠራተኞች ምሳቸውን ትተው ዙሪያውን ቆሙ። የወገቡን ቦይ ሲያወጣ ከቶርኖው ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ሦስት ሠራ። «አንዱ ለዛሬ፣ ሁለቱ ለመንገድ» ብሎ ለአብራሪው ሰጠው።

አብረው ወደ አውሮፕላን ጣቢያው ሄዱ። ቱሪያ ከሩቅ ገና ጅራቷን አይታ አወቀቻት። «መቶ ሃያ አምስት ናት! አባ፣ የእንግሊዟ!» ብላ ጮኸች። ያልጠበቀችው ግን ውስጧን ነበር። አብራሪው ደረጃውን አውጥቶ አሳያት። በመጽሔቱ ውስጥ ያየቻቸው የቆዳ ወንበሮች ወጥተው በምትካቸው ለቀጣዩ ጣቢያ የሚሄድ የመድኃኒት ካርቶን እስከ መስኮቱ ተደርድሯል። ካርቶኖቹ ላይ ጋደም ብላ አንዲት የደከማት ነርስ ተኝታለች።

ትራክተሩ መግፋት ሲጀምር ሁሉም ጄቷን ያያል። አባቷ ብቻ ተንበርክኮ ፒኑን ያያል። ጎማው ከአስፋልቱ ተላቀቀ፤ ጄቷ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች፤ ዞረች። ፒኑ ያዘ። በሺር ቀና ብሎ ጉልበቱን አራገፈ። ጄቷ ተነሥታ ከተራራው ባሻገር እስክትሰወር ድረስ ቆመው አዩአት።

«እንግዲህ» አለ አባቷ፣ «ምሳዬስ?»

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። «የነገውን አንብቢልኝ» አላት።

ቱሪያ ደብተሯን ገለጠች። የሰማታር አንቀጽ ከላይ አለች። ዓይኗ «በካፒታሊስት ሎሌዎች እጅ» የሚለው ላይ አረፈና የአባቷን እጅ አየች። ዘይቱ አሁንም ከጥፍሮቹ ሥር አልለቀቀም። አንቀጿን ዘልላ ከዊቺታ ጀመረች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ወፉ ጋ ስትደርስ «ድገሚው» ብሎ ሳቀ። መጨረሻውም ላይ አንቀጿን አልደገመቻትም።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ቆንጆ ነው» አለ። ቀጥሎም «የሚገዛቸው ማንም ይሁን ማን፣ የሠሩት ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ» አለ።

ቱሪያ ደብተሯን ዘጋች። ለአባቷ ማንበብ ያፈረችበትን ነገር አርባ ስምንት ተማሪ ፊት እንዴት አድርጋ እንደምታነበው እያሰበች ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሰማታርን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችው። አንቀጿ ያለችበትን ወረቀት አጥፋ በእጁ አስያዘችው።

«አመሰግናለሁ፤ ግን አላነበውም።»

«አብደሻል? ወላሂ ትቆጪያለሽ!»

«ይሆናል።»

ጓድ ካሂን የኋላው ወንበር ላይ ማስታወሻ ደብተራቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። የሲሚንቶው ልጅ ጨረሰ። ስሟ ተጠራ። ቱሪያ ስድስቱን ፋብሪካዎች ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈችና መናገር ጀመረች። ድምጿ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ያለ ነበር፤ ወፉ ጋ ስትደርስ ክፍሉ ሲስቅ ግን ከፍ አለ። ጄቶቹን የሚገዟቸው አብዛኞቹ በጣም ሀብታሞች እንደሆኑም ተናገረች። ሳራቶቭንም አልዘለለችም። ስትጨርስ ጋሽ ወልደጻድቅ ዓይናቸውን ወደ ኋላ ወንበር ላኩ።

ጓድ ካሂን ተነሡ። «እነዚህ አውሮፕላኖች ለሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቅማሉ?»

«ሁሉም አይጠቅሙም» አለች ቱሪያ። «ትናንት እዚህ ያረፈችው ግን መድኃኒት ይዛ ነበር። ውስጧን አይቻለሁ፤ ወንበር የላትም። የመጎተቻዋ ፒን ተቆርጦ ነበር፤ እዚሁ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ተሠርቶላት ሄደች።»

ክፍሉ ተንሾካሾከ። ጓድ ካሂን እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙት።

«ይህን ሁሉ ከየት አገኘሽው? መጽሔቶቹን ማን ሰጠሽ?»

ሰማታር ከሦስተኛው ረድፍ ዓይኑን አፍጥጦ አያት። ድምፅ ሳያሰማ በከንፈሩ «ቀፊራ» ይላል። ቱሪያ እጆቿ ላይ የቀረውን ጠመኔ አራገፈች።

«አባቴ ነው የሰጠኝ። ፈረንሳይኛውንም የተረጎመልኝ እሱ ነው። ፒኑንም የሠራው እሱ ነው።»

«የአባትሽ ስም?»

«በሺር ዐብዱላሂ። የቶርኖ ሠራተኛ።»

ጓድ ካሂን ጎንበስ ብለው ጻፉ። ጋሽ ወልደጻድቅ «ተቀመጪ» አሏት በቀስታ። ቱሪያ ግን አልተቀመጠችም። በወንበሮቹ መሃል አልፋ ኋላ ድረስ ሄደችና ደብተሩ ላይ ስሙ በአልፋው ‹አ› ተጽፎ አየች።

«ዐብዱላሂ በዓይኑ ‹ዐ› ነው፣ ጓድ መምህር» አለች።

ጓድ ካሂን ቀና ብለው አዩአት። ከዚያ የጻፉትን ሰረዙ። አስተካክለው እስኪጽፉት ድረስ አጠገባቸው ቆማ ጠበቀች።